የተምቹ ዘረመል ተነቧል፤ የኬሚካል ግዥያችንስ?

በቆሎው ጉልበት በደረሰ ቁጥር በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚነሳ ጥያቄ አለ። የአሜሪካ መጤ ተምችን ለመከላከል ዘንድሮ የትኛው ኬሚካል ይቅረብ? የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አያልፍም፤ አምና ምን ተረጨ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ መጋዘን ውስጥ ምን አለ። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው አራተኛው ጥያቄ ደግሞ ተምቹ ራሱ ወደ ማሳችን ሲገባ ምን ይዞ መጣ? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በከፊል መልስ አለ። በተለያዩ አገራት የሚገኙ ሳይንቲስቶች የዚህን ተባይ ሙሉ የዘረመል መረጃ፣ በሳይንሱ አጠራር ጂኖሙን፣ አንብበው እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ማብራሪያ ጽፈውበታል። መረጃውም ለማንም ክፍት ነው። አርሶ አደሩ «አምና የገደለው ዘንድሮ አልገደለም» እያለ ባለበት ወቅት ይህ መረጃ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በክልላችን የሚወጣውን የፀረ ተባይ ገንዘብ በቀጥታ የሚመለከት ነው።

ተባዩ ወደ አፍሪካ መግባቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ በ2016 መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ ነው። ዓመት ሳይሞላው ብዙ አገራትን አዳርሶ በ2009 ዓ.ም የበጋ ወራት በሸካ ዞን የኪ ወረዳ፣ በመስኖ በለማ በቆሎ ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የበቆሎ አምራች ሁሉ ያስታውሰዋል። ተማሪና አርሶ አደር ማሳ ውስጥ ገብቶ ትሉን በእጁ ሲለቅም ነበር። እናቲቱ የእሳት እራት በሕይወት ዘመኗ ከ1 ሺህ 500 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ በአንድ ሌሊትም እስከ 100 ኪሎ ሜትር መብረር ይሆንላታል። እ.ኤ.አ በ2018 ሕንድ፣ ቀጥሎ ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ደርሳለች። ሳይንቲስቶቹን በአንድ ሥራ ላይ ያሰባሰባቸውም ይኸው የተባዩ ድንበር አለማወቅ ነው።

ለመሆኑ ጂኖምን ማንበብና ማብራሪያ መስጠት ማለት ምን ማለት ነው? የማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ዘረመል በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ነው። የዚህ ተምች ጽሑፍ ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው። መሣሪያ ፊደላቱን ያነባል፤ ነገር ግን የሚወጣው ሁለት ነጥብም አራት ነጥብም የሌለው፣ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ጽሑፍ ነው። ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ስለ ማሽተት፣ የትኛው መርዝን ስለ ማርከስ እንደሚናገር አይታወቅም። ያንን ለይቶ ምልክት ማድረግና በሕዳጉ ላይ «ይህ እንዲህ ይሠራል» ብሎ መጻፍ ነው ማብራሪያ መስጠት የሚባለው።

ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ግምት ይሰጣል። ግምቱ ግን ብዙ ይሳሳታል። በተለይ አንድ ዘረመል ብዙ ጊዜ ተባዝቶ ጎን ለጎን በተቀመጠበት ስፍራ ሁለቱን አንድ ያደርጋል፤ ወይም አንዱን ለሁለት ይከፍላል። እንዲህ ያለው ስፍራ ደግሞ ለግብርና እጅግ የሚፈለገው ነው፤ ጣዕም የሚለዩትና መርዝ የሚያረክሱት ዘረመሎች በአብዛኛው የሚገኙት እዚያ ነውና። ስለዚህ ሰው በዓይኑ እያየ አንድ በአንድ ማረም አለበት። ስለ ማሽተት የሚያጠናው ቡድን የማሽተቱን፣ ስለ መርዝ ማርከስ የሚያጠናው የራሱን ድርሻ ወስዶ፣ ሁሉም በያሉበት አገር ሆነው በኢንተርኔት አንድ የጋራ የሥራ ገበታ ላይ ያርማሉ። አንዱ ያረመውን ሌላው ያየዋል። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የማይቻል ሥራ በዚህ መልኩ ይቃለላል። እ.ኤ.አ በ2011 የ5 ሺህ ነፍሳትንና ዘመዶቻቸውን ጂኖም ለማንበብ የተጀመረው አይ ፋይቭ ኬ የተባለው ዓለም አቀፍ ውጥንም የሚሠራው በዚሁ የጋራ አሠራር ነው።

የመጤው ተምች ጂኖም በፈረንሳይ የግብርና ምርምር ተቋም አስተባባሪነት፣ ለዚሁ በተቋቋመ ዓለም አቀፍ ጥምረት ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ2017 ታትሟል። በአጋጣሚ ተባዩ ኢትዮጵያ የገባበት ዓመት ነው። ጥምረቱ ያነበበው አንድ ሳይሆን ሁለት ጂኖም ነው፤ ምክንያቱም ተባዩ መልካቸው የማይለይ ሁለት ወገኖች አሉት። አንዱ በቆሎና ማሽላ የሚያዘወትር «የበቆሎ ወገን»፣ ሌላው ሩዝና የግጦሽ ሣር የሚያዘወትር «የሩዝ ወገን» ይባላል። በበቆሎው ወገን 21 ሺህ 700፣ በሩዙ 26 ሺህ 329 ዘረመል ተቆጥሯል። የቁጥሩ ልዩነት እንዳለ የተፈጥሮ ልዩነት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ የንባቡ ጥራት ልዩነትም አለበት። ያ የመጀመሪያ ንባብ በብዙ ሺህ ቁርጥራጭ የቀረበ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቻይናና የአውሮፓን ጨምሮ ሌሎች ቡድኖች በ31 ጥንድ ክሮሞሶሞች የተደራጀ የተሻለ ንባብ አውጥተዋል።

ከተገኘው ውስጥ ለአርሶ አደሩ የሚቀርቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የጣዕም ጉዳይ ነው። ተምቹ ጣዕም የሚለይባቸው ከ200 በላይ ዘረመሎች አሉት። የእንጆሪ ቅጠል ብቻ በልቶ የሚኖረው የሐር ትል ያሉት ከመቶ ያነሱ ናቸው። መጤው ተምች ከ350 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ ተገኝቷል፤ «ይህ ትል የማይበላው የለም» የሚባለው በዘረመሉም የሚታይ ሐቅ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ መርዝን የሚያረክሱ ዘረመሎች ብዛት ነው። ፒ 450 ተብሎ የሚጠራው ቤተሰብ ብቻ በዚህ ተባይ ውስጥ ከመቶ በላይ አባላት አሉት። እያንዳንዱ ተክል ተባይን የሚከላከልበት የራሱ መርዝ አለው፤ ብዙ ተክል የሚበላ ትል ብዙ ማርከሻ ይዞ መኖር ግድ ይሆንበታል። እኛ የምንረጨው ኬሚካል ለዚህ ትል ሌላ ተጨማሪ መርዝ እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም።

(ነገሩን ዞር ብለው ካዩት ደግሞ የዚሁ ተባይ ሕዋሳት ለሰው ልጅ ባለውለታ ናቸው። ከእናቲቱ እንቁላል አመንጪ አካል የተወሰዱ ሕዋሳት ከአርባ ዓመታት በላይ በቤተ ሙከራ ሲራቡ ኖረዋል፤ ኖቫቫክስ የተባለው የኮሮና ክትባት ፕሮቲን የተመረተው በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ነው።)

ወደ ኬሚካሉ እንመለስ። ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉት የቆዩ ኬሚካሎች፣ ለምሳሌ ማላታይን፣ ዳይሜቶት፣ ክሎርፓይሪፎስና ካርባሪል፣ ነፍሳትን የሚገድሉት በነርቭ ውስጥ ያለን አንድ ፕሮቲን ይዘው ሥራውን በማገድ ነው። ያንን ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ የፕሮቲኑ ቅርፅ በጥቂቱ ይዛነፋል፤ ኬሚካሉም እንደ ድሮው አጥብቆ አይዘውም። ትሉ ይተርፋል፤ ከተረፈውም ይራባል። የዚህ ዘረመል ትክክለኛ ቦታና ንባብ በመታወቁ ተመራማሪዎች ከየአገሩ የተሰበሰበን ትል ወስደው ለውጡ አለ ወይስ የለም ብለው መፈተሽ ችለዋል። እ.ኤ.አ በ2020 በታተመ አንድ ጥናት ከብራዚል፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከኬንያና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ናሙናዎች ተፈትሸው ከእነዚህ ኬሚካሎች መቋቋም ጋር የሚያያዙት ለውጦች የጎረቤታችንን የኬንያን ጨምሮ ተገኝተዋል።

ይህ ማለት ተባዩ መቋቋሙን የተማረው የግድ እኛ ማሳ ላይ አይደለም። በአሜሪካ አህጉር ለአሥርተ ዓመታት ሲረጭበት የኖረው ዘር ነው ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣው። እ.ኤ.አ በ2022 የታተመ የብዙ አገራት ተመራማሪዎች የጋራ ጥናትም ተባዩ ወደ አፍሪካና እስያ የገባው በአንድ ጊዜና በአንድ በር ብቻ እንዳልሆነ የዘረመሉን መረጃ አነጻጽሮ አሳይቷል። ዛሬ እኛ ዘንድ የሌለ መቋቋም ነገ በሌላ በር ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚጣጣም የራሳችን አገር ውጤትም አለ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ ጥናት በቤተ ሙከራ ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን በትሉ ላይ ሞክሯል። ራዲያንት፣ ትሬሰር፣ ካራቴና አምፕሊጎ በ72 ሰዓት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ትል ገድለዋል። ማላታይን 51 ነጥብ 7 በመቶ፣ ካርባሪል ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ነው የገደሉት። የማላታይንና የካርባሪል ማነስ በእርግጥ በዚያው የፊደል ለውጥ የመጣ ነው ብሎ ለመደምደም የተፈተነው ትል ዘረመል መነበብ ነበረበት። ቢሆንም ግማሹን ትል አትርፎ የሚሄድ ኬሚካል ለአርሶ አደሩ ማቅረብ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ኪሳራ ነው። አርሶ አደሩ ለፍቶ ይረጫል፣ ከፍሎ ይረጫል፤ የሚተርፈው ደግሞ ጠንካራው ትል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኬሚካል አልሠራም በተባለ ቁጥር ተባዩ ተላምዷል ማለት ስህተት ነው። ትሉ ካደገ በኋላ የበቆሎው ለጋ ቅጠል ውስጥ ጠልቆ ይቀመጥና በዓይነ ምድሩ በሩን ይደፍናል፤ ያኔ ከላይ የተረጨ ፈሳሽ አያገኘውም። በጠራራ ፀሐይ መርጨት፣ ከታዘዘው በላይ ውኃ መጨመር፣ የመርጫው አፍንጫ መበላሸት፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም የተጭበረበረ ምርት፣ ከረጩ በኋላ ወዲያው የጣለ ዝናብ፣ እነዚህ ሁሉ ውጤቱ አንድ ነው፤ ትሉ አይሞትም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጀመሪያ እነዚህን አንድ በአንድ ማጣራት አለበት። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ቅጠሉ ላይ የመስኮት መስታወት የመሰለ ግልጥልጥ ያለ ነጭ ምልክት ሲታይ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ የመሐል ለጋ ቅጠሉን አነጣጥሮ ተረጭቶም ካልሞተ ነው የመቋቋሙ ጥርጣሬ ክብደት የሚያገኘው።

ጥርጣሬው ሲመጣ የሚደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ኬሚካል መቀየር። ስሙን መቀየር ግን ኬሚካሉን መቀየር አይደለም። ዳይሜቶት አልሠራ ሲል ክሎርፓይሪፎስ ማምጣት ጠርሙሱን እንጂ የአገዳደሉን መንገድ አይለውጥም፤ ሁለቱም የሚይዙት ያንኑ አንድ ፕሮቲን ነው። ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በአገዳደል መንገዳቸው በቁጥር የተመደቡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት አለ። ካርባሜቶች 1 ኤ፣ ኦርጋኖፎስፌቶች 1 ቢ፣ እነካራቴ ያሉበት የፓይሬትሮይድ ወገን 3 ኤ፣ ራዲያንትና ትሬሰር 5፣ ክሎራንትራኒሊፕሮልና መሰሎቹ 28 ናቸው። አምፕሊጎ የ3 ኤ እና የ28 ድብልቅ ነው። የወረዳው የግዥ ሰነድ ላይ ከምርቱ ስም ጎን ይህ ቁጥር ቢጻፍ፣ ባለፈው ትውልድ ተምች ላይ የተረጨው ምድብ በሚቀጥለው ትውልድ እንዳይደገም ማቀድ ይቻላል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው።

«28 ጥሩ ከሆነ ሁልጊዜ እሱን እንርጭ» የሚል ይኖራል። በብራዚል የሆነውን ማየት ይበቃል። በዚህ ምድብ ላይ መቋቋም የሚያስከትለው የፊደል ለውጥ እዚያ በመስክ በተሰበሰበ መጤ ተምች ላይ ተገኝቷል። በፖርቶ ሪኮ ደግሞ ለተባዩ መርዛማ የሆነ የባክቴሪያ ፕሮቲን እንዲያመርት በዘረመል ምሕንድስና የተሻሻለ በቆሎ እ.ኤ.አ በ2003 ገበያ ላይ ዋለ፤ ሦስት ዓመት ሳይቆይ በ2006 ተምቹ በቆሎውን እየበላ ተገኘ። ኋላ ላይ የተባዩ ዘረመል ሲመረመር በአንድ ዘረመል ላይ ሁለት ፊደላት ተሰንቅረው ተገኙ፤ ያ ብቻ ፕሮቲኑ የሚያርፍበትን በር ዘግቶታል። በአገራችንም ተመሳሳይ አሠራር ያለው ቴላ የተባለ በቆሎ በመልካሳ በመስክ ሲሞከር ቆይቷል። ስለ እንዲህ ዓይነት ዘር የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ይግባ» እና «አይግባ» ላይ ያተኩራል፤ ከገባ ተባዩ መላመዱን ማን፣ የት፣ በምን ድግግሞሽ ይከታተላል የሚለው ግን ቢያንስ የዚያን ያህል ሊያነጋግር ይገባ ነበር።

ተባዩን ሳንረጭ የሚያጠፉልን ረዳቶችም አሉን። ተምቹ ኢትዮጵያ በገባበት ዓመት በሐዋሳ፣ በጅማና በአዋሽ መልካሳ አካባቢ በተደረገ ቅኝት፣ ኮቴሲያ አይሲፔ የምትባል የአገር ውስጥ ጥገኛ ተርብ ከ33 ነጥብ 8 እስከ 45 ነጥብ 3 በመቶ የሚሆነውን ትል ውስጡ እንቁላል ጥላበት ተገኝታለች። ከሁለት ወይም ከሦስት ትል አንዱን ያለምንም ወጪ ትገድላለች ማለት ነው። ይህቺ ተርብ ግን መርዝ የሚያረክስ የመቶ ዘረመል ጓዝ እንዳለው ተምች አይደለችም። ግማሹን ትል ብቻ የሚገድል ኬሚካል ማሳውን ሙሉ ሲረጭ ተርቧን ፈጅቶ ጠንካራውን ተምች ያስቀራል። በዚያው እ.ኤ.አ በ2019 በታተመው የቤተ ሙከራ ጥናት ከተሞከሩት ዕፅዋት መካከል የኒም፣ የቁንዶ በርበሬና የእንዶድ ጭማቂ በ72 ሰዓት ከ95 በመቶ በላይ ትል መግደላቸውም መታለፍ የለበትም። እንዶድ ከደጃችን ነው። የቤተ ሙከራ ውጤት ማሳ ላይ ያንኑ ያህል ላይደገም ይችላል፤ በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላት ለመሞከር ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ዴስሞዲየምን ከበቆሎ ጋር፣ ብራኪያሪያ ሣርን በዳር የዘሩ አርሶ አደሮች ማሳ ላይ የትሉ ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ታይቷል። ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ።

እንግዲህ ጂኖሙ ተነቧል፣ ማብራሪያው ተጽፏል፣ ክፍት ነው። የጎደለው ከእኛ ማሳ የሚሄድ ትል ነው። ማብራሪያው የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል እንጂ በቡሬ ወይም በሜጫ በቆሎ ላይ ያለው ተምች ምን እንደያዘ አይነግረንም። ያንን የሚናገረው ከዚያው የተለቀመው ትል ነው። በሆለታ ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ፤ በክልላችን የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የዕፅዋት ክሊኒኮች አሉ። ወረዳው ከእነዚህ ወደ አንዱ ለመላክ የሚያስፈልገው ጥቂት ትል፣ በጠንካራ አልኮል የተሞላ ትንሽ ጠርሙስና አንድ ወረቀት ነው። ትሉ በሕይወት እያለ አልኮሉ ውስጥ ይግባ፤ ሞቶ የበሰበሰ ትል ዘረመሉ ስለሚፈርስ አይነበብም። ወረቀቱ ላይ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ሰብሉ፣ የተረጨው ኬሚካል ስምና ምድብ፣ ከተረጨ ስንት ቀን እንደሆነው ይጻፍ። ይህ ወረቀት የሌለው ትል ለተመራማሪው ብዙም አይጠቅመውም።

ሥራው ደግሞ ከበቆሎ ያልፋል። ተባዩ በአፍሪካ እስካሁን በዋናነት የሚያጠቃው በቆሎና ማሽላ ነው። በአህጉሩ የተገኙት ተምቾች በአንዱ የዘረመል ምልክት የበቆሎ ወገን፣ በሌላው የሩዝ ወገን ሆነው የሚታዩ ቅይጦች ይበዙባቸዋል፤ ጠባያቸው ግን ወደ በቆሎው ያደላል። ተባዩ በሌላ በር እየደጋገመ የሚገባ ከሆነ አንድ ቀን ሩዝ የሚመርጠው ወገን አብሮ ላለመምጣቱ ዋስትና የለም። ሁለቱን ወገኖች ደግሞ በመልክ መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው ዘረመላቸው ነው። ስለዚህ በፎገራ ሜዳና በሊቦ ከምከም የሩዝ ማሳ ላይ፣ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የ«ዋይ» ፊደል ምልክት፣ በጅራቱ አቅራቢያ ደግሞ በካሬ የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ያሉት ትል ያገኘ አርሶ አደር ረግጦ ከማለፉ በፊት ለልማት ጣቢያው ሠራተኛ ያሳይ። ሠራተኛውም ጠርሙሱን ወረታ ወደሚገኘው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይዞ ይሂድ።